118.80 ፓውንድ ያስከፈለችኝ ምልክት

የመጀመሪያው ፖስታ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ ነበር። ሳልከፍተው ከሌሎቹ ፖስታዎች ጋር ማቀዝቀዣው ላይ አኖርኩት። በእንግሊዝ አገር የአካል ጉዳት ድጎማ እያገኘ የሚኖር ሰው በዓመት ስንት ደብዳቤ እንደሚደርሰው የሚያውቅ አንባቢ ይህን ስንፍናዬን ይረዳልኛል ብዬ አስባለሁ፤ ግማሹ «ከእርስዎ ምንም አይጠበቅም» የሚል ነው፤ የቀረው ደግሞ ልብ ድው የሚያደርግ ስለሆነ እጅ ቶሎ አይዘረጋለትም። ከሳምንታት በኋላ ሁለተኛው ሲመጣ ግን ባለቤቴ ከፈተችው፤ እንደ ቆመች አነበበችው፤ ከዚያም አንድም ቃል ሳትናገር ጠረጴዛው ላይ ከፊቴ አስቀመጠችው። «የቅጣት ክፍያ ማስታወቂያ» ይላል፤ የመጣው ኤንኤችኤስ ከሚባለው የመንግሥት የጤና አገልግሎት ነው። በኦክቶበር ወር ከፋርማሲ የወሰድኳቸው ሁለት መድኃኒቶች በነጻ ሊሰጡኝ የማይገባ እንደነበር ገልጾ፣ የመድኃኒቶቹን ዋጋ 19.80 ፓውንድ፣ በላዩም የ99 ፓውንድ ቅጣት፣ በድምሩ 118.80 ፓውንድ እንድከፍል ያዛል። በ28 ቀናት ውስጥ ካልከፈልኩ ደግሞ የቅጣቱ እስከ ግማሽ የሚደርስ ጭማሪ ሊታከልበት እንደሚችል ከታች ተጽፏል።

ገንዘቡ ብዙ ነው፤ ነገር ግን በዚያ ምሽት እንቅልፍ የነሳኝ ገንዘቡ አልነበረም። ባደግኩበት ቤት «የማይገባህን ወሰድክ» መባል ከዕዳ ይከብዳል። ባለቤቴ ዝም ማለቷም ለዚያ ይመስለኛል። እኔም በልቤ «እኔ የአካል ጉዳተኛ ነኝ፤ ይህንንም መንግሥት ራሱ መርምሮ፣ ነጥብ ሰጥቶ፣ በደብዳቤ አረጋግጦልኛል፤ ታዲያ መድኃኒት በነጻ የማይገባኝ ከሆነ ለማን ሊገባ ነው?» እያልኩ ስከራከር አደርኩ። ይህ ክርክሬ ስህተት እንደነበር የተረዳሁት ቀስ ብዬ ነው፤ ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም እንደ እኔ የሚያስቡ ብዙ የአገሬ ሰዎች እንዳሉ በማወቄ ነው።

ነገሩ ከየት እንደተነሣ ላስረዳ። ለዓመታት በአንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ በማንሣትና በማውረድ ሠርቻለሁ። የጀርባዬ ዲስክ ከቦታው ተንሸራቶ ነርቭ ከተጫነ በኋላ ግን መቆምም መቀመጥም የማልችልባቸው ቀናት በዙ፤ ሥራውንም ተውኩት። በሠራሁባቸው ዓመታት ከደመወዜ ናሽናል ኢንሹራንስ የሚባለው የመንግሥት መድን መዋጮ ይቆረጥ ስለነበር ኢ.ኤስ.ኤ. የሚባለው፣ በሕመም ምክንያት መሥራት ላልቻለ ሰው የሚሰጠው ድጎማ ተፈቀደልኝ፤ ቆየት ብሎም ፒፕ የሚባለው የአካል ጉዳት ድጎማ ተጨመረልኝ። ባለቤቴ ስለምትሠራ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠውን ዩኒቨርሳል ክሬዲት የተባለ ድጎማ አናገኝም። እነዚህ ሁለት ድጎማዎች ብቻ ናቸው ያሉኝ፤ ሁለቱም ከሕመሜ ጋር የተያያዙ ናቸው፤ እኔም ከዚህ ተነሥቼ ከሕመም ጋር የተያያዘው ነገር ሁሉ በአንድ በር የሚገባ መሰለኝ።

በዚያ የኦክቶበር ቀን በምርኩዝ እያነከስኩ ወደ ፋርማሲ ሄድኩ። ሐኪሜ ያዘዘልኝ ናፕሮክሰን የተባለውን የሕመም ማስታገሻና ኦሜፕራዞል የተባለውን የጨጓራ መከላከያ ነበር፤ ሁለተኛው የሚሰጠው የመጀመሪያው ጨጓራ እንዳይጎዳ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር በቅንፍ ልበል፦ በእንግሊዝ የሚከፈለው በማዘዣ ወረቀት ሳይሆን በመድኃኒት ቁጥር ስለሆነ፣ ሰው አንዱን መድኃኒት ለመዋጥ ከእርሱ የሚጠብቀውንም ሌላ መድኃኒት ለየብቻ ይገዛል። ከሜይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ዋጋው ለእያንዳንዱ 9.90 ፓውንድ ነው። በመደርደሪያው ጀርባ የቆመችው ልጅ «ትከፍላለህ ወይስ ነጻ ነህ?» አለችኝ። «ነጻ ነኝ» አልኳት። የማዘዣውን ወረቀት ገልብጣ በጀርባው ያሉትን ሳጥኖች አሳየችኝ። ከፊደላቱ መካከል «ኤች» ከተባለው ሳጥን አጠገብ ኢ.ኤስ.ኤ. የሚል አየሁ። የእኔው ድጎማ ስም ነው። ምልክት አደረግኩ፤ ፈረምኩ፤ መድኃኒቴን ይዤ ወጣሁ። ከግማሽ ደቂቃ በላይ አልፈጀብኝም።

ከድጎማው ስም በፊት ግን ሌላ ቃል ነበረች፤ «በገቢ ላይ የተመሠረተ» የምትል። እኔ የማገኘው ኢ.ኤስ.ኤ. በገቢ ላይ ሳይሆን ቀደም ሲል በከፈልኩት የናሽናል ኢንሹራንስ መዋጮ ላይ የተመሠረተው፣ አሁን «ኒው ስታይል» እየተባለ የሚጠራው ነው። ስማቸው አንድ ነው፤ ለሁለቱም የሚደረገው የጤና ምርመራ አንድ ነው፤ በመድኃኒት ማዘዣ ጀርባ ላይ ግን አንዱ ከክፍያ ነጻ ያደርጋል፣ ሌላው አያደርግም። በገቢ ላይ የተመሠረተው ዓይነት ለአዲስ አመልካች የተዘጋ ሲሆን በዚያን ጊዜ የነበራቸው ከድሮ ጀምሮ ሲያገኙት የቆዩ ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ከዚህ የተነሣ በቅርብ ዓመታት ታሞ ኢ.ኤስ.ኤ. የጀመረ ሰው «ኤች» ሳጥን ላይ ምልክት ካደረገ ተሳስቷል ማለት ነው።

ፒፕም ብቻውን ከመድኃኒት ክፍያ ነጻ አያደርግም። ከእርሱ በፊት የነበረው ዲ.ኤል.ኤ. የተባለው ድጎማና ለአረጋውያን የሚሰጠው የረዳት አበልም እንዲሁ ናቸው። ይህን ለብዙ ሰው ስነግር አያምነኝም፤ ምክንያቱ ግን አንዴ ከተገለጸ ለመረዳት አያስቸግርም። ፒፕ የሚሰጠው የሰውየው ገቢ ታይቶ አይደለም፤ ጥሩ ደመወዝ ያለውም፣ ባንክ ውስጥ ብዙ ገንዘብ ያስቀመጠም ሰው አካሉ በተጎዳው መጠን ይሰጠዋል። በመድኃኒት ማዘዣ ጀርባ ያሉት የድጎማ ሳጥኖች ግን የሚጠይቁት «ታመሃል ወይ?» ብለው ሳይሆን «ድሃ ነህ ወይ?» ብለው ነው። የእኔ ስህተት ሁሉ ከዚህ ይጀምራል፤ ለሁለተኛው ጥያቄ የመጀመሪያውን መልስ ሰጠሁ።

በዩኒቨርሳል ክሬዲት ላይ ያሉ ሰዎችም ቢሆኑ ሁሉም ነጻ አይደሉም። ባለፈው የክፍያ ወር የተጣራው የሥራ ገቢያቸው 435 ፓውንድ ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት፤ በክፍያቸው ውስጥ የልጅ ድርሻ ካለ፣ ወይም በሕመም ምክንያት የመሥራት አቅማቸው የተወሰነ መሆኑ ከተረጋገጠ፣ ጣሪያው 935 ፓውንድ ይሆናል፤ ለባልና ሚስት የሁለቱ ገቢ አንድ ላይ ይደመራል። ከወር ወር ገቢው ከፍና ዝቅ የሚል የጽዳት ወይም የታክሲ ሠራተኛ በአንዱ ወር ነጻ ሆኖ በሚቀጥለው ከፋይ ሊሆን ይችላል። ዩኒቨርሳል ክሬዲት እ.ኤ.አ. በ2013 ሲጀመር በማዘዣው ጀርባ የራሱ ሳጥን እንኳ አልነበረውም፤ ለዓመታት ሰዎች በሌላ ድጎማ ሳጥን ላይ፣ ማለትም ሥራ ፈላጊዎች በሚያገኙት አበል ላይ ምልክት እንዲያደርጉ ይነገራቸው ነበር። ምልክት ማድረግ ከባድ የሕግ ቃል ነው እየተባለ፣ የራስ ባልሆነ ሳጥን ላይ ምልክት አድርጉ መባል እንዴት እንደሚታረቅ ለእኔ እስካሁን አልተገለጠልኝም።

ብዙዎቻችንን የሚያሳስተን ሌላው ነገር የፋርማሲው ዝምታ ነው። «ስህተት ቢሆን ኖሮ ፋርማሲው ይከለክለኝ ነበር» እንላለን። ፋርማሲው ግን ዳኛ አይደለም። ነጻ ነኝ ያለ ሰው ማስረጃ ቢያሳይ መልካም ነው፤ ባያሳይም መድኃኒቱ ይሰጠዋል፤ ሠራተኛው በወረቀቱ ላይ ማስረጃ አልታየም የምትለውን ቦታ ምልክት አድርጎ ያልፋል። አንዳንድ ፋርማሲዎች አሁን በኮምፒውተር ወዲያው ማጣራት ይችላሉ፤ በሌሎቹ ግን ወረቀቱ ወደ ማዕከል ይሄዳል፤ ከተሰበሰቡት መካከል የተመረጡት ከድጎማ መዝገብና ከነጻ ካርዶች መዝገብ ጋር ይመሳከራሉ፤ ስም፣ የትውልድ ቀንና አድራሻ ካልተገጣጠሙ ወይም ድጎማው ካልተገኘ ደብዳቤ ይላካል። ስለዚህ መልሱ የሚመጣው መድኃኒቱ ተውጦ ካለቀ ከወራት በኋላ ነው። እኔ ማቀዝቀዣው ላይ ያኖርኩት የመጀመሪያው ፖስታ «ነጻ መሆንዎን ልናረጋግጥ አልቻልንም፤ መብት ካለዎት በ28 ቀናት ውስጥ ያሳውቁን» የሚል መጠየቂያ ነበር። እርሱ ገና ቅጣት አልነበረም። ፖስታውን ለማይከፍት ሰው የአገራችን አባባል «ያላወቁ አለቁ» ይላል።

ባለቤቴ በማግስቱ «ሄደህ ከቤተሰብ ሐኪምህ፣ ከጂፒህ ጋር ተነጋገር፤ አካል ጉዳተኛ መሆንህን ይጻፍልህ» አለችኝ። እውነትም ከድጎማው በር ሌላ የሕመም በር አለ። በዚህ በር የሚገባ ሰው ገቢው አይጠየቅም፤ በዝርዝሩ ላይ ካሉት ሕመሞች አንዱ ካለበት ሐኪሙ በሚፈርመው ቅጽ አማካይነት ለአምስት ዓመት የሚያገለግል ካርድ ይሰጠዋል። ዝርዝሩ አጭር ነው፦ በምግብ ቁጥጥር ብቻ የማይታከም የስኳር ሕመም፣ መድኃኒት ያለማቋረጥ የሚወሰድበት የሚጥል በሽታ፣ የታይሮይድ ዕጢ ሥራ ማነስ፣ የካንሰር ሕክምና፣ ከእነዚህም ጋር ጥቂት ሌሎች። በመጨረሻው አካባቢ አካል ጉዳትን የሚመለከት አንድ መስመር አለ፤ እርሱም ያለ ሌላ ሰው እርዳታ ከቤት መውጣት የማያስችል ዘላቂ የአካል ጉዳት ይላል። ሐኪሜ መስመሩን ጮክ ብሎ አነበበልኝና ወደ ምርኩዜ ተመለከተ። ብቻዬን ነበር የመጣሁት። ሁለታችንም ተሳሳቅን፤ ነገሩም በዚያው አለቀ።

ይህ ዝርዝር የተዘጋጀበትን ጊዜ ሳውቅ መገረሜ አልቀረም። በብሪታንያ የመድኃኒት ክፍያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 በአንድ ሽልንግ ነው፤ በ1965 ተሰረዘ፤ በ1968 ሲመለስ እነዚህ ከክፍያ ነጻ የሚሆኑ ሕመሞች ተዘረዘሩ። ከዚያ ወዲህ የተጨመረ ዋና ነገር ቢኖር በ2009 የገባው ካንሰር ነው። የዕድሜ ልክ ሕመም የሆነው አስም የለበትም። በዚያን ዘመን በቂ መድኃኒት ያልነበራቸው፣ ዛሬ ግን ሰው በየቀኑ ክኒን እየዋጠ ዕድሜ የሚያገኝባቸው ሕመሞችም የሉበትም። ያ ዝርዝር እንደገና መታየት አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ይህን የምለው ጀርባዬ ስላልገባበት ብቻ አይደለም።

ካርድ ያለውም ሰው ቢሆን ከደብዳቤው አያመልጥም። በአቅራቢያችን የሚኖሩ እትዬ የምንላቸው አንዲት የጎንደር ሴት አሉ፤ ስድሳ ዓመት አልሞላቸውም፤ ቢሞላቸው ኖሮ በዕድሜያቸው ብቻ ነጻ ይሆኑ ነበር። የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። የእኔን ጉዳይ ሲሰሙ ከቦርሳቸው ተመሳሳይ ፖስታ አወጡ። ካርዳቸውን ተቀብዬ ስመለከት ጊዜው ካለፈ ብዙ ወራት ሆኖታል፤ የማደሻው ማስታወሻ የተላከው ከዓመት በፊት ወደ ለቀቁት ቤት ነበር፤ አድራሻቸውን ለካውንስሉና ለጂፒው ሲያሳውቁ ለካርዱ ክፍል ማሳወቅ እንዳለባቸው አላወቁም።

«እትዬ፣ ካርዱ ላይ እኮ ቀን አለው» አልኳቸው።

«ቀንማ አለው ልጄ» አሉኝ፤ «ስኳሩ ግን ቀን የለውም።»

ለዚህ የሚሆን መልስ አላገኘሁም። ሕመማቸው አልዳነም፤ ሊድንም አይችልም፤ መድኃኒቱም በነጻ ሊሰጣቸው የሚገባ መሆኑን የሚክድ የለም። የጎደለው ወረቀት ብቻ ነበር። አብሬአቸው ስልክ ደወልን፤ ከጂፒያቸው አዲስ ቅጽ ተፈረመላቸው፤ ደብዳቤ ጻፍንላቸው፤ በመጨረሻ ቅጣቱ ተነሥቶላቸው የመድኃኒቱን ዋጋ ብቻ ከፈሉ። ለሳምንታት ግን እንደ ወንጀለኛ እየተሳቀቁ ወደ ፋርማሲው መግባት አፍረው ክኒናቸውን እየቆጠቡ ይወስዱ እንደነበር ኋላ ነገሩኝ። ስኳር ያለበት ሰው ክኒን ሲቆጥብ ምን እንደሚከተል ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም።

የእትዬ ነገር ብርቅ እንዳልሆነ የሚያሳይ በይፋ የወጣ ቁጥር አለ። የብሪታንያ ብሔራዊ የኦዲት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ2014 ወዲህ በመድኃኒትና በጥርስ ሕክምና ምክንያት 5.6 ሚሊዮን የቅጣት ማስታወቂያዎች እንደተላኩና ጠቅላላ ዋጋቸው 676 ሚሊዮን ፓውንድ እንደነበር ገልጿል። ከእነዚህ ውስጥ 1.7 ሚሊዮን የሚሆኑት፣ 188 ሚሊዮን ፓውንድ የሚያወጡት፣ በእርግጥ ነጻ የመሆን መብት ለነበራቸው ሰዎች የተላኩ ሆነው ተገኝተዋል። ከአሥር ማስታወቂያ ሦስቱ ማለት ነው። ያለ አግባብ የሚወሰድ መድኃኒት የሕዝብን ገንዘብ እንደሚበላ አልክድም፤ ኤንኤችኤስ ለእኔም ለጎረቤቴም የቆመው በዚያ ገንዘብ ነው፤ ማጣራቱም ተገቢ ነው። ነገር ግን አሥር ወፍ ለመያዝ መረብ ዘርግቶ ሦስት ዶሮ ከጓሮ የሚያነሣ አዳኝ፣ መረቡን ደግሞ ቢያየው ጥሩ ነበር። መብት ኖሮአቸው «ይሁን፣ ከመጨቃጨቅ ልክፈል» ያሉ ሰዎች ደግሞ በዚህ ቁጥር ውስጥ አይገኙም።

ወደ ራሴ ልመለስ። የቅጣቱ ሥርዓት የመጣው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣ ሕግ ሲሆን፣ መጠኑ ሳይከፈል የቀረው ገንዘብ አምስት እጥፍ ነው፤ ከ100 ፓውንድ ግን አይበልጥም። የእኔ 19.80 በአምስት ሲባዛ 99 ፓውንድ መጣ፤ ጣሪያውን በአንድ ፓውንድ ሳትሁት። ሕጉ ለተቀጣው ሰው አንድ መውጫ ትቶለታል፤ ሰውየው ጥፋት አስቦ እንዳልሠራና ጥንቃቄም እንዳልጎደለው ካሳየ ቅጣቱ አይጸናበትም። የመድኃኒቱ ዋጋ ግን ዕዳ ሆኖ ይቀራል። ሁለቱም መሟላት አለባቸው፤ ቅን መሆን ብቻውን አይበቃም።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ሁለት ምሽት የይግባኝ ደብዳቤ ስጽፍ አመሸሁ። የመጀመሪያውን ክፍል መጻፍ ቀላል ነበር፤ ልሰርቅ አላሰብኩም፣ የድጎማዬን ስም አይቼ ነው ምልክት ያደረግኩት፣ እንግሊዝኛ የተማርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ ነው። ሁለተኛው ክፍል ላይ ስደርስ ግን ብዕሬ ቆመ። «ጥንቃቄ አልጎደለኝም» ብዬ ልጽፍ? ቃሉ እኮ እዚያው ተጽፎ ነበር። አላነበብኩትም እንጂ ማንበብ እችል ነበር። የድጎማዬ ደብዳቤም «ኒው ስታይል» መሆኑን በግልጽ ይናገራል፤ እርሱንም ሳላነብ ማኅደር ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ሌላ ሰው ተነሥቶ በዚህ ነጥብ ቢከራከርና ቢያሸንፍ አልቃወመውም፤ በተለይ የአእምሮ ሕመም ያለበት፣ ማንበብ የሚቸገር ወይም ሳጥኑን ሌላ ሰው የሞላለት ቢሆን በደንብ አድርጎ ይከራከር እላለሁ። እኔ ግን ያንን ዓረፍተ ነገር ከፈረምኩ በኦክቶበር ሳላነብ እንደፈረምኩት ሁሉ፣ አሁን ደግሞ አንብቤ ሐሰት ልፈርም ነው ብዬ ተውኩት። በስልክ ጠይቄ በየወሩ ከፋፍዬ ከፈልኩ።

ከዚህ ሁሉ የሚያናድደኝ ስሌቱ ነው። በእንግሊዝ «የቅድሚያ ክፍያ» የሚባል የምስክር ወረቀት አለ፤ ሰዎች በአጭሩ ፒ.ፒ.ሲ. ይሉታል። ለአንድ ዓመት 114.50 ፓውንድ ተከፍሎ በዚያ ዓመት የሚታዘዘው መድኃኒት ሁሉ፣ ሃምሳም ይሁን መቶ፣ ሌላ ክፍያ ሳይጠየቅበት ይወሰዳል። የሦስት ወሩ 32.05 ፓውንድ ነው። የዓመቱን በአንድ ጊዜ መክፈል የማይችል ሰው በባንክ በኩል በአሥር ወር 11.45 ፓውንድ እያደረገ ይከፍለዋል። እኔ በወር ሁለት መድኃኒት ስለምወስድ በዓመት ሃያ አራት ይሆናል፤ በችርቻሮ 237.60 ፓውንድ ማለት ነው፤ በቅድሚያ ክፍያ ግን ከግማሽ በታች። ለአንድ ቀን ስህተት የከፈልኩት 118.80 የአንድ ሙሉ ዓመት መድኃኒት ሸፍኖልኝ ከአራት ፓውንድ በላይ መልስ ያስገኝልኝ ነበር። ይህ ወረቀት መኖሩን በስድስት ዓመት የፋርማሲ ምልልስ ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ይህን ወረቀት ከመግዛቴ በፊት ግን ሌላ በር አንኳኳሁ። ድጎማቸው ነጻ የማያደርጋቸው፣ ነገር ግን ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ሰዎች ኤች.ሲ.1 በተባለ ቅጽ ማመልከት ይችላሉ፤ ከ16,000 ፓውንድ በላይ ቁጠባ ካላቸው አይመለከታቸውም። ገቢና የቤት ኪራይ ተሰልቶ ሁለት ዓይነት ወረቀት ይመጣል። ኤች.ሲ.2 ከሆነ መድኃኒትም ጥርስም ነጻ ነው። ኤች.ሲ.3 ከሆነ ለጥርስና ለመነጽር በከፊል ይረዳል፤ ለመድኃኒት ግን ምንም አይሠራም። የባለቤቴ ደመወዝ ስለተቆጠረ ለእኔ የመጣው ኤች.ሲ.3 ነው። ወረቀቱ ላይ ስሜ በትልቁ ተጽፎ ሲመጣ ደስ ብሎኝ ነበር፤ በዚህ ጊዜ ግን ተምሬ ስለነበር እስከ መጨረሻው መስመር አነበብኩት።

ካርዲፍ የሚኖረው ወንድሜ በስልክ ይህን ሁሉ ስነግረው መጀመሪያ የቀለድኩ መሰለው። በዌልስ የመድኃኒት ክፍያ ከ2007 ጀምሮ የለም፤ በሰሜን አየርላንድ በ2010፣ በስኮትላንድ በ2011 ቀርቷል። አንድ ፓስፖርት፣ አንድ ዓይነት ክኒን ሆኖ ሳለ ይህ የሳጥንና የምልክት ጣጣ የእንግሊዝ ብቻ ነው። «ናና እዚህ ኑር» አለኝ እየሳቀ። የጀርባ ሕመምተኛ ዕቃ ጭኖ ቤት ሊለውጥ!

ከዚያ ወዲህ ባሉት እሑዶች ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ስንጠጣ ሰዎች ፖስታ ይዘውልኝ ይመጣሉ። አማካሪ አይደለሁም፤ ጉዳዩ ከበድ ሲል ወደ ነጻ የሕግ ምክር ሰጪዎች እልካቸዋለሁ። ነገር ግን መጀመሪያ የምጠይቃቸው አንድ ነው፦ የድጎማህን ደብዳቤ አምጣ፣ ስሙን ሳይሆን ዓይነቱን እንይ። አንዱ በገቢ ላይ የተመሠረተው ሆኖ ይገኛል፣ ደብዳቤው በስህተት የመጣ ነውና ማስረጃውን ልኮ ይገላገላል። ሌላው ፒፕ ብቻ ይዞ ይመጣል፣ እንደ እኔ ይደነግጣል። እርግጠኛ ላልሆነ ሰው ሁሉ የምነግረው ደግሞ ይህን ነው፦ በዚያን ቀን ክፈል፤ ስትከፍል ግን ኤፍ.ፒ.57 የተባለውን ደረሰኝ እዚያው ጠይቅ፤ ኋላ ሄደህ ብትጠይቅ አይሰጥህምና። ነጻ መሆንህ ከተረጋገጠ፣ ከከፈልክበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ደረሰኙን ይዘህ ገንዘብህን ታስመልሳለህ። ከፍሎ ማስመለስ ያደክማል፤ ሳይከፍሉ መቀጣት ግን አምስት እጥፍ ነው።

ባለፈው ሳምንት መድኃኒቴን ልወስድ ያችኑ ፋርማሲ ሄጄ ነበር። ያችው ልጅ ናት። «ትከፍላለህ ወይስ ነጻ ነህ?» አለችኝ። «ከፍያለሁ» አልኳትና የቅድሚያ ክፍያ ወረቀቴን በስልኬ አሳየኋት። ወረቀቱን ገልብጣ ሰጠችኝ። «ኤፍ» የሚለውን ሳጥን ፈለግኩ፤ መነጽሬን አወጣሁ፤ አጠገቡ የተጻፈውን ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አነበብኩ። ከኋላዬ የተሰለፉት ሰዎች ሲያጉረመርሙ ይሰማኛል። ምልክቱን አደረግኩና ፈረምኩ።